መሬትዎ ውሃ ጠግቧል

ከቃሊቲ እስከ አሰላ

ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አንድ የጠፋ ዕቃ ልፈልግ ወደ አርሲ ተነሣሁ። ዕቃው ከሁለት መዳፍ የማይበልጥ ነጭ ሳጥን ነው። በላዩ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ አፈር ውስጥ የሚሰካ ሹል ብረት በረጅም ሽቦ ተያይዟል። መሥሪያ ቤታችን ይህን ሳጥን በጓሯቸው አትክልት ለሚያለሙ ቤተሰቦች ያድላል። ብረቱ የአፈሩን እርጥበትና ሙቀት ይለካል፤ አፈሩ ሲደርቅ ሳጥኑ ትንሿን ፓምፕ ቀስቅሶ ጎመኑን ያጠጣል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለባለቤቱ ስልክ ደውሎ የመሬቱን ሁኔታ ይናገራል። ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይቸገር ተብሎ ነው በድምፅ የሆነው።

ድምፁ የእኔ ነው። ሥራዬ ጥገና እንጂ መናገር አልነበረም፤ ግን ሳጥኖቹ ሊታደሉ ሲሉ የሚናገር ባለሙያ ጠፋና አለቃዬ “አንቺ ለስለስ ያለ ድምፅ አለሽ” ብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በካርቶን መሀል አስቀምጦ ቀረጸኝ። ኦሮምኛውን አንድ ባልደረባዬ አለው፤ አማርኛውን እኔ። “ጤና ይስጥልኝ። መሬትዎ ውሃ ጠምቶታል፤ እባክዎ ያጠጡት።” ወይም ደግሞ “ጤና ይስጥልኝ። መሬትዎ ውሃ ጠግቧል፤ ዛሬ አያጠጡት።” ከዚያ ወዲህ እኔ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ድምፄ በየሰው ቤት ገብቶ ሥራውን ይጀምራል። መጀመሪያ ሰሞን ያስቀኝ ነበር።

በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ የእያንዳንዱ ሳጥን መስመር ይታያል። ቀን ሲሞቅ መስመሩ ወጣ ይላል፣ ማታ ሲበርድ ይወርዳል፤ የተኛ ሰው ደረት ይመስላል። ከሰኔ ወዲህ ግን በቆጂ ያለው የአንደኛው ሳጥን መስመር ቀጥ አለ። ቀን የለው፣ ማታ የለው። ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ሁልጊዜ ያው። በካርታው ላይ የሚታየው አድራሻውም ከተመዘገበበት ቤት ራቅ ብሎ ወደ ኮረብታው ሄዷል። አለቃዬ “ተሰርቆ የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል፤ ሂጂና አምጪው” አለኝ።

እኔን ያልጣመኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው “ጤና ይስጥልኝ” ስል ቁርጡን ሰምቶ ቶሎ ይዘጋብኛል፤ ማን ከማሽን ጋር ይከራከራል። የበቆጂዋ ባለ ሳጥን ግን ከሰኔ ወዲህ በየጠዋቱ ስልኩን አንሥታ እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። ንግግሩ ካለቀ በኋላም አትዘጋም። መስመሩ ራሱ እስኪቋረጥ ድረስ ክፍት ይቆያል። ዕቃው የተሰረቀበት ሰው እንዲህ አያደርግም።

ከቃሊቲ የተሳፈርኩት በጠዋት ነው። ታሪፉ እንደገና ጨምሯል፤ ረዳቱ ሲጠየቅ “ነዳጅ ነው” ይልና ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። አዳማ ላይ ሽሮ በልተን፣ መልካሳ ላይ ደፍርሶ የሞላውን አዋሽን ተሻግረን፣ ዴራን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ጀመረ። ኢተያ ስንደርስ መስኮቱን ሁሉም ሰው በራሱ ጊዜ ዘጋው። ግራና ቀኙ ገና ያላሸተ የስንዴ ማሳ ነው። ብርድ ጠላቴ ነውና ሹራቤን ደርቤ አሰላ ገባሁ፤ ከተማው ዝናብ ላይ ነበር፤ ባጃጆቹ ጋሪዎቹን እየረጩ ያልፋሉ። ከመናኸሪያው አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩና ከነካልሲዬ ተኛሁ።

አሰላ

በማግስቱ ወደ በቆጂ ከመሻገሬ በፊት ሲስተር መዓዛ ቤት ጎራ አልኩ። ሲስተር መዓዛ ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ በአዴ ፋጡማ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከክፍሏ ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በጆንያና በተቆረጠ ጀሪካን ቆስጣና ሰላጣ ታበቅላለች። ከአዳር ሥራ ገና መመለሷ ነበር። ከገበያ ቆስጣ ከገዛች መቆየቷን ነገረችኝ፤ አንድ እቅፍ ቀጥፋም በፌስታል ሰጠችኝ።

አዴ ፋጡማ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ጩኮ በትንሽ ሳህን ይዘው መጡ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ ለብርድ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። ሳጥኑን በአገጫቸው እያመለከቱ ጠየቁኝ።

“አንቺ ነሽ ይሄን ሰውዬ የሠራሽው?”

“ሰውዬ አይደለም፣ አዴ። ዕቃ ነው።”

“ልጅቷ ሥራ ሄደች። በሩ ተቆለፈ። ማንም የለም፤ ከጀርባ ውሃ ይፈሳል፣ ቱር ቱር ይላል። ወላሂ፣ የመጀመሪያው ቀን ቁርኣን ቀራሁ።”

“አሁንስ?”

“አሁንማ ለመድኩ። ሲፈስ ‘ነጋ ዳ?’ እለዋለሁ። ደህና ነህ ማለት ነው።”

ሲስተር መዓዛ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው የመዓዛ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እጇ በሻይ ስለተያዘ ድምፅ ማጉያውን በጣቷ ጫን አደረገችው። “ጤና ይስጥልኝ” አለ ስልኩ በእኔ ድምፅ፤ እኔ አፌ በጩኮ ተሞልቶ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። አዴ ፋጡማ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ሳህናቸውን አንሥተው “አስተግፊሩላህ” እያሉ ወጡ። ለካ ድምፄን እንዲህ ከውጭ ሆኜ፣ ሰው ፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በቆጂ

ከአሰላ ሚኒባስ ያዝኩ። ሳጉሬን እንዳለፍን ጉሙ ወረደ። ጭላሎ በግራ በኩል መኖር ነበረበት፤ የለም። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ፣ ከፊቱ የሚመጣውን በጡሩምባ እየጠየቀ ነዳ። የጋሪ ፈረሶች ከነቃጭላቸው ድምፃቸው ቀድሞ ይመጣል፤ ፈረሱ ኋላ ነው የሚታየው። አንድ ቦታ ላይ መንገደኛ ሊወርድ ቆምን። ከጉሙ ውስጥ ብዙ እግር አስፋልቱን ሲመታ ተሰማ፤ እየቀረበ መጣ፤ በመስኮቴ ሥር አለፈ፤ ራቀ። አንድም ሰው አላየሁም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ “ልጆቹ ናቸው፣ ሩጫ ላይ ናቸው” አሉኝ፤ እንደ ደነገጥኩ አይተው ይሆናል።

የምፈልጋት ሴት ወይዘሮ ተዋበች ይባላሉ። ሰፈሩ እትዬ ተዋቡ ይላቸዋል። ባላቸው መምህር ታደሰ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ልጆቻቸው ሥራ ይዘው አዲስ አበባ ናቸው፤ እሳቸው ጓሮአቸውን እያለሙ ብቻቸውን ይኖራሉ። ይህን ያህሉን ከሰፈሩ ባለሱቅ ሰማሁ። በራቸውን አንኳኩቼ “ጤና ይስጥልኝ” አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ በጣም ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጋቢ የተከናነቡ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ቆመው ያዩኛል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

“ድገሚው” አሉኝ።

“ምኑን?”

“ያልሽውን።”

“ጤና ይስጥልኝ።”

እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ነኩኝ። ቀዝቃዛ እጅ ነው። “ሰው ነሽ ለካ” አሉ። “እኔ እኮ ሰው መሆንሽን አላሰብኩም ነበር። ግቢ፣ ልጄ። ምን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?”

ሻይ አፍልተው ዳቦ ቆረሱልኝ። ጓሮአቸው በመስኮት ይታያል፤ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፤ ሁሉም ያማረ ነው። ፓምፑ በፌስታል ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሳጥኑ የለም። ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

“ሳጥኑን ልትወስጂ ከሆነ ዛሬ አይሆንም። ሌላው ቢቀር እስከ ጥቅምት ተዪልኝ።”

“አልተሰረቀም እንግዲያው?”

“ማን ይሰርቀዋል። ታደሰ ዘንድ ነው ያለው።”

ሻዩን አስቀመጥኩ። ስለ ባላቸው የተነገረኝ ልክ እንደሆነ ለማረጋገጥ፣ “መምህር ታደሰ ሞተዋል ብለውኝ ነበር” አልኩ።

“ሞቷል” አሉ። “ሳጥኑ መቃብሩ ላይ ነው።”

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ

መምህር ታደሰ የአባያ ሐይቅ ዳር ሰው ነበሩ፤ ከሙዝና ከሙቀት አገር። መንግሥት በወጣትነታቸው በቆጂ መደባቸው፤ እትዬ ተዋቡን አገቡና በዚያው ቀሩ። ብርዱን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለመዱትም። በሁለት ካልሲ ይተኙ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ያስተምሩ ነበር። ሲሞቱ ወንድሞቻቸው መጥተው አስከሬኑን እንውሰድ፣ በአባቱ አገር ይረፍ አሉ። እትዬ ተዋቡ እምቢ አሉ፤ በእግሬ ሄጄ የምጎበኘው ቦታ ይቀበርልኝ አሉ። በነገሩ ሁለቱ ወገኖች ተቀያየሙ። መጨረሻ ላይ ወንድሞቹ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው መጥተን አጽሙን እናፈልሳለን ብለው ሄዱ። ሰባት ዓመቱ በጥቅምት ይሞላል።

ይህን ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ በመንገድ ላይ ነገሩኝ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ጉሙ ከጽዶቹ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

“ከዐቢይ ጾም በፊት ጀምሮ ሳጥኑ ጓሮዬ ነበር፤ እንዳላችሁት አጠጣበት ነበር። ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት ‘መሬትዎ ውሃ ጠግቧል’ አልሽኝ። አንቺ ስለ ጎመኑ ነው የነገርሽኝ፤ እኔ ግን ታደሰ ትዝ አለኝ። ጎመኑ እንዲህ ከጠገበ እሱ እንዴት ሆኖ ይሆን አልኩና ሳጥኑን ነቅዬ ወሰድኩለት። በሕልሜ ሲመጣ እኮ ሁልጊዜ እግሩ እርጥብ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ካልሲውን ይጨምቃል። አይናገረኝም።”

የሹራቤን ኮሌታ ወደ ላይ ሳብኩት።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ተዳፋቱ የሚያበቃበት ላይ ነው። የሲሚንቶው ክዳን አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ነጩ ሳጥን ከራስጌው፣ ከቆርቆሮ መስቀሉ ጋር በሲባጎ ታስሮ ትንሿ መብራቱ ብልጭ ትላለች። ሽቦው ከሲሚንቶው ሥር ገብቷል። መስመሩ ለምን ቀን እንደሌለው ያኔ ገባኝ፤ ብረቱ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው የተሰካው። ቢሮ ተቀምጬ ስመለከተው የከረምኩት የእኚህን ሰው መኝታ ኖሯል። እግሬ ሳላዘው ወደ ኋላ ተራመደ።

“በየቀኑ ጠግቧል ትይኛለሽ” አሉ እትዬ ተዋቡ። “ምናልባት ዛሬ ሌላ ትላለች ብዬ እስከ መጨረሻው እጠብቅሻለሁ። እውነቱን ንገሪኝ። ውሃ ውስጥ ነው የተኛው? ከሆነ በጥቅምት ይሂድ፤ እኔ ነኝ ለብርድ የዳረግኩት። ካልሆነ ግን አልሰጥም።”

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ሳጥኑ ‘ጠግቧል’ የሚልበትን ልክ ከዚያው ሆኜ መቀየር እችላለሁ፤ ነገ ጠዋት “ጠምቶታል” ይላል፤ እሳቸው ይተኛሉ፣ ባላቸው አጠገባቸው ይቀራሉ፣ ማንም አያውቅም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያስቆመኝ ጨዋነት አይደለም፤ የሚዋሸው ድምፅ የእኔ መሆኑ አስፈራኝ። በየጠዋቱ እኔ ሳልኖር እየዋሸ ሊኖር ነው።

“ብረቱ አንድ ስንዝር ብቻ ነው የገባው” አልኳቸው። “የሚነግረን ስለ ላይኛው አፈር ነው። ታች እንዴት እንደሆነ አያውቅም።”

“ታች የሚያይ ዕቃ የላችሁም?”

የለንም ልል ነበር። የአፈር መሰርሰሪያው እጀታ ግን ከቦርሳዬ ወጥቶ ይታያል፤ ጓሮ ላይ የታችኛውን አፈር ለማየት የምንጠቀምበት፣ የሚቀጣጠል ረጅም ብረት ነው። እትዬ ተዋቡ እሱን እያዩ ነው የጠየቁኝ።

የቤተ ክርስቲያኑን ቄስ አስፈቀድናቸው። ቄሱ ሲሚንቶውን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ መቃብሩን ሳልነካ፣ ከጎኑ አንድ ክንድ ያህል ርቄ እንድሰረስር ፈቀዱልኝ። እሳቸውም ጃንጥላቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ብረቱን ማዞር ጀመርኩ። አፈሩ መጀመሪያ ጥቁርና ለስላሳ ነበር፤ ቀጥሎ የሚያጣብቅ ሆነ። አንዱን ብረት በሌላው ላይ ቀጠልኩ። ቄሱ “በቃ፤ ይኸው ነው ጥልቀቱ” ሲሉኝ መሰርሰሪያውን ሳብኩት። ሲወጣ ከታች እንደ መምጠጥ ያለ ድምፅ አሰማ።

ሦስታችንም በጠባቧ ቀዳዳ ላይ ጎንበስ አልን። ምንም አይታይም፤ ጨለማ ብቻ። ስልኬን አበራሁ። ከሥር አንድ ነገር መልሶ አበራብኝ። ውሃ ነው። ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ወደ እኛ ይወጣ ነበር። ከቀዳዳው አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ የእትዬ ተዋቡ ፊት ውስጡ ታየ።

ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ተንበርክከው መዳፋቸውን ሲሚንቶው ላይ አሳረፉና በዝቅተኛ ድምፅ፣ ጓዳ ሆነው ሰው የሚያናግሩ ይመስል፣ “እሺ፣ ታዴ። ሰማሁ” አሉ። ቄሱ ጃንጥላውን ወደ እሳቸው አዘነበሉ። እኔ ያለቀስኩት እዚያ ነው፤ ሰውየውን አላውቃቸውም፤ ቢሆንም አለቀስኩ።

ከዚያ የወጣውን አፈር ሰብስቤ ቀዳዳውን ደፈንኩት። ጭቃው ጥፍሬ ውስጥ ገብቶ አዲስ አበባ ድረስ አብሮኝ መጣ።

መመለሻ

እትዬ ተዋቡ ያን ዕለት ማታ ለወንድሞቹ ደወሉ። በጥቅምት ኑ፤ አልከለክላችሁም አሉ። እኔን ከቤታቸው አሳደሩኝ፤ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ደራረቡብኝ። ጠዋት ስልካቸው ጮኸ፤ አላነሡትም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

“ሰማሁሽ እኮ” አሉኝ፣ ዳቦ እያጎረሱኝ። “ሳጥኑንስ? ትወስጂዋለሽ?”

“ምን ልናደርገው ይፈልጋሉ?”

“ቆላ ድረስ አብሮት ይሂድ። እዚያ እንዴት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።”

እኛ ሳጥኑን የሠራነው ሰው ጎመን እንዲያበቅልበት ነው። ለሰው የመለኪያ ዕቃ ከሰጠኸው ግን ያስጨነቀውን ይለካበታል፤ ይህን በመመሪያችን ላይ የጻፈው የለም፤ እኔም እስከዚያ ቀን አላሰብኩትም። ከበቆጂ ወርጄ፣ አሰላን በባጃጅ ቆርጬ፣ አዳማ ላይ ሹራቤን አውልቄ፣ አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። የሲስተር መዓዛ ቆስጣ ፌስታሉ ውስጥ ጠውልጎ ነበር፤ ቀቅዬ በላሁት። ለአለቃዬ ደግሞ “ዕቃው ተገኝቷል፤ በሥራ ላይ ነው” ብዬ ጻፍኩለት። እውነት ስለሆነ ሌላ አላስረዳሁም።

አሁን ጥር ነው። አጽሙ በጥቅምት ፈልሷል፤ እትዬ ተዋቡ አብረው ሄደው፣ ብረቱን በእጃቸው ሰክተው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተሬ ላይ ያ መስመር ቀን ቀን ይሞቃል። ዝናብ ስለሌለ አፈሩ ደርቋል፤ ሳጥኑም የተሠራለትን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በየጠዋቱ በእኔ ድምፅ ለአንዲት መበለት የባሏ መሬት ውሃ እንደጠማው ይነግራታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፌ ይሸሽ ጀመር። ልቀይረው ብዬ ባለፈው ሳምንት ደወልኩላቸው።

“እትዬ፣ ያ ንግግር እንዳያስጨንቅዎ። ‘ጠምቶታል’ የሚለውን ላጥፋልዎት?”

“ተይው” አሉኝ። ድምፃቸው ተኝቶ የነቃ ሰው ድምፅ ነበር። “ዛሬም ጠምቶታል አልሽኝ፤ ካልሲውን አውልቆ ተኝቷል ማለት ነው። ነገም እንደዚሁ በይኝ።”